በአክስትነት ሥልጣናቸው ልጅ ያዳኑት የወይዘሮ ቶኪሉፔ ሃላፊሂ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ቶኪሉፔ ሃላፊሂ ከአባታቸው ከአቶ ሞሴሴ ሃላፊሂና ከእናታቸው ከወይዘሮ አናሴይኒ እ.ኤ.አ. በ1951 በቶንጋ፣ በቫቫኡ ደሴት ተወለዱ። ሲወለዱ ጩኸታቸው እስከ ወደቡ ተሰማ ይባላል፤ ያወቋቸው ሁሉ ይህን ለማመን አይቸገሩም።

ስድስት ዓመት ሲሞላቸው የአባታቸው ታላቅ እኅት፣ ወይዘሮ ሜሌናይቴ፣ ላሳድጋት ብለው ወሰዷቸው። በእኛ ዘንድ የአባት እኅት ከአባት በላይ ናት፤ ጠይቃ አትከለከልም፣ ተናግራ አይመለስባትም። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ እኚህ አክስት ዱላ ከእጃቸው አይለይም ነበር። ምንጣፉ ተንጋደደ፣ ዓሣው አረረ፣ ሁሉም ያስመታል። አባትየው ሰምተው ዝም አሉ።

በአሥራ ሦስት ዓመታቸው ወይዘሮ ቶኪሉፔ የገዛ ገላቸውን መጉዳት ጀመሩ። መንደሩ መንፈስ ነው አለ፤ ቅጠል ተቀጥቅጦ ተቀባላቸው፣ ጠጡም። ስለ ዱላው የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። ኋላ እንደነገሩን፣ በየቀኑ ጥፋተኛ ነሽ የተባለች ልጅ በመጨረሻ አምና ራሷን ትቀጣለች።

በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ነርስነት ሊማሩ ወደ ዋና ከተማው ወደ ኑኩአሎፋ ሄዱ። እዚያ አንዲት አስተማሪያቸው ክንዳቸውን አይታ፣ ሳትቆጣ፣ ማን ይመታሽ እንደነበር ንገሪኝ አለቻቸው። ያን ቀን የተጀመረው ወግ ሁለት ዓመት ፈጀ፤ እሳቸውም ራሳቸውን መጉዳት ተዉ።

በ1973 ወደ ቫቫኡ ተመልሰው በጤና ጣቢያ ሠላሳ ስምንት ዓመት አገለገሉ። በ1976 ዓሣ አጥማጁን አቶ ፌሌቲን አግብተው ሦስት ልጆች አፈሩ። ልጆቻቸውን በጣታቸው እንኳ ነክተው አያውቁም፤ በምላሳቸው ግን ያልተነካ የመንደር ሰው የለም። ካርታ ሲጫወቱ ያጭበረብራሉ፤ ሲያዙም አያፍሩም። ስብከት ሲረዝም ጮክ ብለው ይስሉ ነበር።

በ2006 የታናሽ ወንድማቸው ልጅ ሲኒቫ በአሥራ አራት ዓመቷ ገላዋን መጉዳቷ ተሰማ። አባቷም ቅጠል የሚቀጠቅጥ መድኃኒተኛ አስጠራ። ልጁን የሚወድ፣ ከቤተ ክርስቲያን የማይቀር፣ ግን ልጅ ያለ ዱላ አይታረምም የሚል ሰው ነበር። ያ አባት ይህን የምጽፈው እኔ፣ ማናሴ ነኝ።

እኅቴ የነርስ ልብሳቸውን ሳይለውጡ ቤቴ ገቡ። መድኃኒተኛውን አመስግነው ሸኙት። ዱላዬን ከተሰቀለበት አውርደው ምድጃ ውስጥ ከተቱት። ከዚያም እንዲህ አሉኝ፦ «ማናሴ፣ የጎዳት እጅ የሷ ነው፤ ያስተማረው ግን ያንተ ነው። ልጅቷን እወስዳታለሁ።»

ልጄ ናት፣ ቤቴ ነው ልል አሰብኩ። ነገር ግን የልጄ አክስት ናቸው፤ ቃላቸው አይመለስም፤ ልጄን ሰጠኋቸው። እሳቸውን ያደቀቀው ሥልጣን በእሳቸው እጅ ልጅ አዳነ።

ሲኒቫ አራት ዓመት አብራቸው ኖረች። በሁለተኛው ዓመት ራሷን መጉዳት አቆመች። እኔም እሑድ እሑድ እየሄድኩ ከልጄ ጋር መነጋገር ተማርኩ፤ ይቅርታ ማለትን የጀመርኩት በሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው። ከዚያ ወዲህ በመንደራችን ልጅ ገላዋን ስትጎዳ ከመድኃኒተኛው በፊት የሚጠሩት ቶኪሉፔ ነበሩ። እሳቸውም መጀመሪያ የሚያነጋግሩት ወላጆቹን ነበር፤ ስንቱ ጉልበተኛ አባት ሲያያቸው መንገድ ይቀይር ነበር መሰላችሁ።

እኅቴ በስኳር ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው እ.ኤ.አ. ሜይ 9 ቀን 2023 በሰባ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆችን፣ ሰባት የልጅ ልጆችንና አንድ ወንድም ትተዋል።

በባህላችን አክስት ስትሞት የወንድም ልጆች ለሐዘን የተቀዳደደ ምንጣፍ በወገባቸው ታጥቀው ከማብሰያው ዘንድ ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ። እሳቸው ግን ሲኒቫ ከራስጌዬ ትቀመጥ ብለው ተናዝዘዋል። ሽማግሌዎች አጉረመረሙ፤ ማን ይመልሳቸዋል? እነሆ፣ ከራስጌያቸው የተቀመጠችው ልጄ ናት። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ናት።

እግዚአብሔር የእኅቴን ነፍስ እንደ ተወደደ ልጅ በእቅፉ ይቀበልልን። አሜን።