ሞት አይደለም፣ ፒስተን ነው

ውድ አለቃዬ፣

ድሮ «አንቱ» እልህ ነበር፤ በልምምድ ክፍሉ በር ሳልፍህ እንኳ አንገቴን ደፍቼ ነበር። ዛሬ አንተ ብዬሃለሁ። ቅር ካለህ ደስ ይለኛል።

ቅዳሜ ከሰዓት የክብር ዝግጅትህ ነው። የማስተምርበት ትምህርት ቤት አዳራሽ እየታጠበ ነው፣ ፎቶህም ከነባርኔጣህ በሩ ላይ ተሰቅሏል። ዳይሬክተሯ ጠርታ «ያቺን ዝነኛ ዜማቸውን ልጆቹ ይጫወቱላቸው፤ አንቺም እኮ በወጣትነትሽ በእሳቸው ባንድ ውስጥ ነበርሽ አሉ» ስትለኝ ሳቄን ዋጥ አድርጌ «በደስታ» አልኳት። እውነቴን ነው፣ በደስታ።

ዜማዋ ከየት እንደመጣች ጠይቀኸኝ አታውቅም። አባቴ ጢሙን ሲላጭ ያፏጭ ነበር። መታጠቢያ ቤቱንና የኔን ክፍል የሚለየው ስስ ግድግዳ ስለሆነ ልጅ ሳለሁ ጠዋት ጠዋት የምነቃው በሱ ፉጨት ነው። ያቺን ፉጨት ይዤ፣ መግቢያና መውጫ ሠርቼላት ለትራምፔት ጻፍኳት። ስሟንም «አባባ ሲላጭ» አልኳት። ለባንዱ ሳቀርባት «ጉንጬ፣ ይሄ ደግሞ ስም ነው?» ብለህ ሳቅክብኝ። ጉንጬ ያልከኝ ስነፋ ጉንጬ ስለሚወጠር ነበር፤ ቅጽል ስሙ እስከዛሬ አልለቀቀኝም።

ትራምፔቴ አሮጌ ነበረች። ሦስተኛው ፒስተን በጣቴ ስጫነው ይወርድና እዚያው ተጣብቆ ይቀራል። ያን ቀንም ዜማዋ ከፍ የምትልበት ቦታ ላይ ስደርስ ተጣበቀ። ቆምኩ፣ በግራ እጄ ቀለበት ሁለቴ ኳ ኳ አድርጌ አላቀቅኩትና ቀጠልኩ። አንተ ጥግ ተቀምጠህ በካሴት ትቀዳ ነበር። «ለማስታወሻ ነው» አልክ።

ብዙም ሳይቆይ ከባንዱ አስወጣኸኝ። «ሴት ልጅ ትራምፔት ስትነፋ ለአንድ ቀን ታስቃለች፤ ከዚያ ይሰለቻል» አልክ፣ በሁሉም ፊት። ድራመሩ አቀርቅሮ የከበሮ እንጨቶቹን ያገላብጥ ጀመር።

ከዚያ አንድ ቀን ወጥ ቤት ሽንኩርት ስልጥ ሬዲዮው ዜማዬን ለቀቀ፣ በሌላ ስም፣ ያንተ ሥራ ተብላ። አባቴ ግማሽ ፊቱ ሳሙና እንደሆነ ከመታጠቢያ ቤት ወጣ።

«ይቺ የኔ ፉጨት አይደለችም እንዴ?»

«ናት አባባ።»

«ሰጠሻቸው?»

«አልሰጠሁም።»

ተመልሶ ገብቶ በሩን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ ሲላጭ አፏጭቶ አያውቅም። ዜማዋን ብትወስድ ሌላ ጽፌያለሁ፣ አሁንም እጽፋለሁ። የዚያን ግድግዳ ዝምታ ግን ይቅር አልልህም።

ያስቀኝ ግን ምን መሰለህ? ዜማዋ ከፍ የምትልበት ቦታ ላይ ስትደርሱ ሁላችሁም ቀጥ አላችሁና ድራመሩ የከበሮውን ጠርዝ ሁለቴ ኳ ኳ አደረገ! የተጣበቀውን ፒስተኔን ሳይቀር ሰርቀሃል እኮ፤ ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል። አንዲት ጋዜጠኛ ስለዚያች ቦታ ስትጠይቅህ ደግሞ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ «ሞት በር ሲያንኳኳ ነው» አልካት። ይኸው እስከዛሬ ልጆች በየትምህርት ቤቱ ሞትን ያንኳኳሉ። እኔ ስናገር ቅናት ነው ተባልኩ።

እኔም ዝም ብዬ ነፋሁ። በየሆቴሉ፣ በየሰርጉ፣ ከንፈሬ እስኪቆስል ነፋሁ። የራሴን ባንድ አቋቋምኩ። አሁን በማስተምርበት ክፍል ሴቶች ልጆች ጉንጫቸውን ወጥረው ሲጫወቱ የሚስቅ የለም፤ የሚስቅ ካለ ጉዳዩ ከኔ ጋር ነው።

ቅዳሜ እንዲህ ይሆናል። ልጆቹ መጀመሪያ ያንተን ይጫወታሉ፣ ከነኳኳታው። አንተም እንደልማድህ አይንህን ትጨፍናለህ። ከዚያ እኔ አሮጌዋን ትራምፔት ይዤ እወጣለሁ። መሣሪያ ጠጋኙ ፒስተኑን ላስተካክል ሲለኝ «እንዳትነካብኝ!» ብዬዋለሁ። ዜማዋን በስሟ ጠርቼ እነፋለሁ። እዚያች ቦታ ላይ ስደርስ ይጣበቃል፣ እኔም በሕዝቡ ፊት በቀለበቴ ሁለቴ እመታዋለሁ። ተማሪዎቼ ጆሮ አላቸው፤ ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም። ይህንን አስቀድሜ የምነግርህ አዝኜልህ አይደለም፤ እስከ ቅዳሜ እንቅልፍ እንዳይወስድህ ነው። ብትቀርም እነፋታለሁ፤ ለምን እንደቀረህም ከመድረኩ ላይ እናገራለሁ።

የቀረውን ዜማ ግን እኔ አልጨርሰውም። ትራምፔቴን ዝቅ አደርጋለሁ፣ ከፊተኛው ረድፍ አንድ ሽማግሌ ይቀበለኛል። መጀመሪያ ስለምነው «ጥርስ የሌለው ሰው ምን ያፏጫል፣ ልጄ?» ብሎ እምቢ ብሎኝ ነበር። ትናንት ጠዋት ግን ከግድግዳው ወዲያ ውሃው ሲወርድ፣ ከዚያ ምላጩ ሲንኳኳ፣ ከዚያም ሲሞክራት ሰማሁት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ከጎንህ ያለውን ወንበር ለሱ አስይዤለታለሁ። ጢሙን ተላጭቶ ይመጣል።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣

ጉንጬ