ባለቤቴን ከመስታወት ላይ ለቀዱልኝ ኃላፊ

ለተከበሩ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የምስልና ድምፅ ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደተቀመጡበት ወንበር የጸና፣ ዕረፍትዎም እንደ ቢሮዎ በር በማንም የማይደፈር ይሁንልዎ እያልኩ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። ስለ እኔ ባይጠይቁም፣ ከጉልበቴና ከእርስዎ ክፍል በቀር የሚያመኝ ነገር የለም። በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ዘመኔን ሙሉ የሌላ ሰው አቤቱታ ስገለብጥ ኖሬ፣ በጡረታዬ የራሴን እንድጽፍ ስላበቁኝ ውለታዎ አለብኝ። በእጅዎ የሰጠሁዎት ደብዳቤ መልስ ስላላገኘ ይህኛው ለሁሉም እንዲነበብ ሆኗል፤ እርስዎ ጊዜ ካጡ ጎረቤትዎ ያነብልዎታል።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ቤታ የሚባለው ትንሹ የቪዲዮ ካሴት በትልቁ ካሴት ተሸንፎ ከገበያ እየወጣ ነው። አከራዮቹ ትተውታል፣ ልጆቼ ትተውታል፣ የእህቴ ባል ቤቴ በመጣ ቁጥር «ያ ሣጥንህ ዛሬም ነፍስ አለው?» ይለኛል። አለው። አቧራ እንዳይነካው የካሴት ማጫወቻ ዴኬን ጨርቅ ሳለብሰው ልጆቼ «አባዬ፣ ለእኛ እንኳ እንዲህ አልተጨነቅክም» እያሉ ይስቁብኛል።

አንደኛ፣ ስለ ምክርዎ ላመስግን። ይህን ካሴት የመረጥኩት በራሴ ጥበብ አይደለም። እርስዎ በዚያ ቡናማ ኮትዎ በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ መድረክ ላይ ቆመው፣ ሁለቱን ካሴቶች በሁለት እጅዎ ከፍ አድርገው፣ ትንሹ ምስሉ የጠራ፣ ቦታ የማይፈጅና ለልጅ ልጅ የሚቆይ ነው ብለው ሲያስረዱን አመንኩዎት፤ ክራባት ያሰረ ሰው እንዲሁ አይናገርም ብዬ። ቆይተው ሐሳብዎን ሲለውጡና ክፍልዎን በትልቁ ካሴት ሲሞሉ ግን መድረኩ ላይ አልወጡም። ያመንዎትን ሰው ሜዳ ላይ ጥለው ሲሄዱ ኮቴዎ እንኳ አልተሰማም፤ ለዚህ ጨዋነትዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ሁለተኛ፣ ስለ ባለቤቴ። በዚያው አዳራሽ ለሠፈር ሴቶች ልብስ ስፌት ታስተምር ነበር፤ ትምህርቷንም ክፍልዎ በትንሹ ካሴት ቀርፆ በቤተ መጻሕፍቱ አስቀምጦታል። ዛሬ እሷ የለችም። ፎቶግራፏ ግድግዳዬ ላይ አለ፤ ፎቶግራፍ ግን አይቆጣም። በካሴቱ ላይ የምትጣደፍ ተማሪ ባየች ቁጥር «ቀስ በይ እንጂ፣ ጨርቁ የት ይሄድብሻል?» ትላለች፣ ቀጥላም ራሷ ትስቃለች። ካሴቱን እየተዋስኩ ይህችን ሳቅ ስሰማ ነው የኖርኩት። በዚህ ዓለም ከእሷ የቀረኝ ድምፅ ይኸው ነው። ከዚያ ማዋሱን ከለከሉ፤ ምክንያቱንም ስጠይቅ «ማን ያየዋል?» ብለው በትሕትና አስረዱኝ። እኔ ፊትዎ ቆሜ ነበር።

ሦስተኛ፣ ወደ ትልቁ ካሴት ስላስገለበጡልኝ ቅጂ። ሁለት ዴኮችን በገመድ አገናኝቶ መገልበጥ እንደሚቻል የሠፈሬ ቪዲዮ አከራይ ሁሉ ያውቃል። ክፍልዎ ግን ገመዱ ቢጠፋበት፣ ከመፈለግ ይልቅ ቴሌቪዥኑን ቢሮዎ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ካሜራውን ከፊቱ ገትሮ፣ መጋረጃውን እንኳ ሳይዘጋ ወደ ሥራው ተመለሰ። ስለዚህ ባለቤቴ እጅጌ በምትቆርጥበት ቦታ ላይ የእርስዎ መስኮት በቴሌቪዥኑ መስታወት ያበራል፤ መቀሷን ስታነሣ ደግሞ ጸሐፊዎ በፊቷ ላይ ወንበር እየጎተቱ ያልፋሉ። ድምፁማ የባሰ ነው። ያቺ የምወዳት ቁጣ ልትመጣ ስትል፣ እርስዎ ስለሚያንጠባጥበው የቢሮዎ ቧንቧ ከጠጋኙ ጋር በስልክ ይጨቃጨቃሉ፤ ሳቋም እዚያው ተውጦ ይቀራል። ቅጂውን ሲያስረክቡኝ «ይኸው፣ ሙሉ ነው» ብለውኛል። እውነት ነው፣ ሙሉ ነው፤ መሥሪያ ቤትዎ ሳይቀር ገብቶበታል።

አራተኛ ብዬ በደንቡ ልቀጥል አስቤ ነበር፤ ንዴቱ አላስቆጥር አለኝ። ዋናውን ካሴት እንዲሰጡኝ ብለምንዎት፣ እንዲወገድ የተወሰነን ንብረት ለግለሰብ መስጠት ክልክል ነው አሉኝ። መጣል ግን ይፈቀዳል። ባለቤቴ ወደ ቆሻሻ ገንዳ መሄድ ትችላለች፣ ወደ ቤቷ መምጣት ግን አትችልም ማለት ነው። ክቡርነትዎ፣ ይህን የሚያስብ ጭንቅላት ተሸክመው መንገድ በሰላም እንዴት እንደሚሻገሩ ይገርመኛል። ካሳ አልጠይቅም፣ ይቅርታም አልጠብቅም፤ ካሴቱን ይስጡኝ። የቆሻሻው መኪና በሚመጣበት ጠዋት በርዎ ላይ ቆሜ ያገኙኛል፤ ወይ ያለ ካሴቱ ይሄዳል፣ ወይ እኔንም ጭኖ ይሄዳል።

ሥልጣንዎ ይስፋ፣ ቧንቧዎም ይጠገን እያልኩ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከእሱም ከሚበልጥ ንዴት ጋር፣

ምክርዎን ሰምቶ የቀረው ተዋሽ፣
ዛሬም የልብስ ስፌት መምህርቷ ባል

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ባለፈው እሑድ የእርስዎ ባለቤት ቤቴ መጥተው ነበር። የሠርጋችሁ ፊልም የተቀረጸው በትንሹ ካሴት ኖሮ፣ የሚያጫውትላቸው ቢያጡ ሰው ወደ እኔ ጠቁሟቸው ነው። እስከ መጨረሻው አየነው። ዛሬ በሕይወት የሌሉት እናታቸው «ልጄን አደራ» ሲሉዎት ድምፃቸው ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ያንን ቦታ እየመለስኩ እንዳሳያቸው ለመኑኝ፣ እኔም አልታከትኩም። ሊሄዱ ሲነሡ፣ «ካሴቱን ለባልዎ ክፍል ሰጥተው ወደ ትልቁ ቢያስገለብጡት አይሻልም ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ቦርሳቸው ውስጥ ከተው ዚፑን ዘጉና «እሱ እጅማ አይገባም» አሉኝ። ይህንን እንድጽፍ የፈቀዱልኝም እርሳቸው ናቸው።