ጣት የሚነክሰው በር

እሁድ፣ ጥቅምት 9 ቀን

ለምወድህ ልጄ፣

እንዴት ነህ የኔ ጌታ? ጤናህ፣ ሥራህ፣ ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ጉልበቷን ታማ ከርማ አሁን በምርኩዝ ወጣ ወጣ ማለት ጀምራለች። ሐኪሙ «ደረጃ አትውጪ» ቢላት፣ «ታዲያ ቤቴን ወደ ታች አውርድልኝ» አለችው አሉ። ምላሷ አልታመመም፣ ተመስገን ነው። ትልቋ ልጇ ወንድ ወልዳለች። ትንሿ ደግሞ ነገ ጠዋት አንተ ወዳለህበት ትበራለች፤ ይህን ደብዳቤም የምትሰጥህ እሷ ናት። «እንዴ፣ በስልክ አትነግሪውም?» ብላ ሳቀችብኝ። አይነገርም። ለምን እንደማይነገር ስታነበው ይገባሃል።

ነገሩ የአባትህ ነው። ተጣልታችሁ ከሄድክ በኋላ ክፍልህን ዘግቶ ማንም እንዳይገባ ብሎ ነበር። አንድ ቀን ታዲያ «ኮምፒውተሩን አቧራ እንዳይበላው» ብሎ ገባ፣ በዚያው ቀረ። ያ የጦርነት ጌም ትዝ ይልሃል? አንተ ስትጫወተው «የሥራ ፈት ነገር» ሲልህ የነበረው? አሁን ከጦሩ ጋራዥ እንደተመለሰ እጁን ታጥቦ፣ በዚያች በትንሿ ወንበርህ ላይ ተቀምጦ፣ ማዳመጫህን ጆሮው ላይ ደፍቶ ታንክ ይነዳል። ነድቶ ዝም ቢል ደህና፤ ከኮምፒውተሩ ጋር ይጣላል እንጂ።

«አንቺ! ነይ እይ! ይሄ ታንክ በዚህ ፍጥነት ቢዞር ሰንሰለቱ ይወልቃል! ማነው የሠራው?»

እኔም ድስቴን ጥጄ መጥቼ አያለሁ። ምን አውቄ! «እውነትህን ነው፣ ነውር ነው» ብዬው እመለሳለሁ።

ተጫዋቾቹ ምን ምን እንዲጨመርላቸው እንደሚፈልጉ የሚጽፉበት ቦታ አለ። አንዱ አዲስ ጄት ይላል፣ አንዱ ሄሊኮፕተር፣ አንዱ ባሕር የሚሻገር ሚሳይል። አባትህ ሲያነብልኝ ሱቅ በር ላይ ቆመው የሚያለቅሱ ሕፃናት ነው የመሰሉኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ራሱን «ጉጉት» ብሎ የሰየመ አንድ ሰው ግን ምን ቢጠይቅ ጥሩ ነው? ያንን የተበላሸ ታንክ የሚጎትተውን አሮጌ ብረት ለበስ! አባትህ ዕድሜ ልኩን ሲጠግነው የኖረውን!

«አየሽ፣ የገባው ሰው አለ» አለኝ፣ ፊቱ በርቶ።

እኔን ግን ነገሩ ከነከነኝ። መድፍ የሌለው መኪና ለጦርነት ጌም ምን ያደርጋል? ይህን የሚመኝ ሰው የአባትህን ሥራ የሚያውቅ ሰው ነው። እንዴት አወቀ?

ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ አብረው ናቸው። አባትህ ይናገራል፣ ጉጉት በጽሑፍ ይመልሳል። «ማይኬ ተበላሽቷል» ይላል። ይሄን ሁሉ ጊዜ ማይክ ተበላሽቶ ይቀራል እንዴ? አባትህ ግን ይስቃል፣ ልጄ። አንተ ከሄድክ ወዲህ የዚያን ሰውዬ ሳቅ ረስቼው ነበር።

አንድ ቀን ሽንኩርት ስከትፍ እንባው እስኪመጣ እየሳቀ ወጥ ቤት ድረስ መጣ።

«ጉጉት ምን አለኝ መሰለሽ? 'የኋላ በሩ አሁንም ጣት ይነክሳል ወይ?' አለኝ!»

ቢላዋው እጄ ላይ ቀረ። ጋራዥ ይዞህ የሄደ ቀን፣ ያ የብረት ለበሱ በር ጣትህን ይዞት፣ እያለቀስክ የመጣኸውን እኔ አልረሳሁም፤ ጨርቁን የቀየርኩት እኔ ነኝ። አባትህ ረስቶት ይሁን የረሳ መስሎ፣ እንጃለት። ወደ ሽንኩርቴ ተመለስኩ። በልቤ ግን «ይሄ ልጄ ነው» አልኩ። ከዚያ ደግሞ ተጠራጠርኩ። ያ በር ያልነከሰው ማን አለ? በዚያ መኪና የሠራ ሁሉ፣ የእኛ ወገን የሆነውም ያልሆነውም፣ ያውቀዋል።

ይባስ ብሎ ባለፈው ሳምንት የጉጉት ወሬ ተቀየረ። ጋራዥ ሸራ ለብሶ የገባ አዲስ ሚሳይል ተሸካሚ አለ፤ ለእኔ እንኳ ትንፍሽ ያላለውን ነገር በር ላይ ጆሮዬን ጣል አድርጌ ሰማሁት። ጉጉት ተጫዋቹ ሁሉ ይሄን መኪና እንደሚፈልገው፣ የውስጡ ፎቶ ከተገኘ ጌሙ ውስጥ እንደሚገባ ነግሮታል። አባትህም እያነበበ «የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ተረኛ ነኝ፣ አየዋለሁ» ይላል። ከሩቅ ጀምሮ ቀስ እያለ የሚጠጋ ሰው ደስ አይለኝም።

ትናንት ስልኩን ካልሲው ውስጥ ከትቶ በመስታወቱ ፊት ወዲያ ወዲህ ሲል ያዝኩት። ጋራዡ ውስጥ ስልክ ክልክል መሆኑን ታውቃለህ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ካልሲው ጠቦኝ ነው።»

አራት ማዕዘን ቁርጭምጭሚት አይቼ አላውቅም። «ያንን ሰውዬ መች ታውቀውና ነው?» ብለው፣ «ከልጅሽ ይሻለኛል» አለኝ። ልጅሽ! አሁንም «ልጄ» አላለም።

በል እንግዲህ እውነቱን ንገረኝ፤ ጉጉት አንተ ነህ? ከሆንክ አልቆጣም፣ እንዲያውም እልል እላለሁ። ግን ስለ ሚሳይሉ ተወው፤ ለጨዋታ ብለህ አባትህን እስር ቤት እንዳትከተው። ማን መሆንህን ከፊታችን ቅዳሜ በፊት ንገረው፤ አፍህን ከፍተህ፣ በድምፅህ። ካልሆንክ ደግሞ ደውለህ ስለ ልብስ ሰፊዋ ጉልበት ብቻ ጠይቀኝ። ይገባኛል። ያን ቀን ክፍልህን ሳጸዳ ባልዲው ኮምፒውተሩ ላይ ይደፋል።

ፈጣሪ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ፣ የምትረግጠውን መሬት ያለስልስልህ፣ ደህና ሰው ጋር ያውልህ።

የምትናፍቅህ እናትህ

ከፈረምኩ በኋላ በር ተንኳክቶ ነው የምጨምርልህ። አባትህ ፀጉሩን ሊስተካከል ወጥቷል። የጋራዡ ጥበቃ ኃላፊ ከማላውቀው ወጣት ጋር መጣ። «እትዬ፣ እግረ መንገዳችንን ሰላም ልንልሽ ነው» አለኝ። እሁድ ቀን፣ ከነክራባታቸው! አስቀመጥኳቸው። ወጣቱ ዓይኑን ከክፍልህ በር ላይ አልነቅልም አለ።

«ባለቤትሽ ጌም ይወዳል አሉ?» አለኝ።

«ወገቡ እንቢ ካለው ወዲህ ሌላ ምን ይጫወት!»

ኃላፊው ሳቀ። ወጣቱ አልሳቀም።

«ከማን ጋር ነው የሚጫወተው፣ እትዬ?»

«ከልጁ ጋር» አልኩት።

«ከልጁ ጋር አይነጋገሩም ሲባል ሰምቼ ነበር።»

«ታርቀዋል።»

«መቼ?» አለኝ።

«በዚህ ሳምንት» አልኩት። እንግዲህ ሳምንቱ ሳያልቅ እውነት አድርግልኝ።