የዌልሶች ፊልምና የጓንጉል ነገር

ይድረስ ለወንድሜ ለዘመድኩን።

ይህን ብዕር የያዘችው ሰፊያ ናት። ከእኛ ቤት ሁለት በር አልፋ የምትኖር፣ የተማሪ አውቶቡስ የምትነዳ፣ ደሴ ያደገች የወረኢሉ ሰው ልጅ ናት። ቃሉ የእኔ የታላቅህ የገብረክርስቶስ ነው፤ ፊደሉ የእሷ ነው። ልጄ ጸዮን እያለች ለምን ጎረቤት ጻፈልህ እንዳትለኝ። ጸዮን የማታውቀው ነገር አለበት። ሰፊያንም ሳንጀምር በቁርአኗ አስምያታለሁ። አባባ፣ እኔን ነው ወይስ ብዕሩን የሚያስምሉት ብላ ሳቀችብኝ፤ ግን ማለች።

እንደምን ከርመሃል ወንድሜ? ጉልበትህ ዳገቱን እሺ አለህ? ባለቤትህ የኔነሽ እንዴት ናት፣ ዓይኗን የጋረዳት ነገር ለቀቃት ወይስ ባሰባት? አጨዳው ደርሷል? ስንዴውን ያለጊዜው ዝናብ አላበላሸባችሁም? ያቺ ቦቃ ላም ወለደች ወይ? ስልክ ላይ ጠይቄህ ረስተህ ነው መሰለኝ አልመለስክልኝም። እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ጥርሴ አልቋል እንጂ ጆሮዬ እንደ ድሮው ነው። ደረጃ ያለ ምርኩዝ እወርዳለሁ። ጸዮንም ደህና ናት፣ ኖርዝ ዮርክ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ጠዋት ወጥታ ማታ ትገባለች። እኔ ቀኑን ሙሉ ክሬሰንት ታውን፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ከሶፋና ከመስኮት ጋር ነኝ።

በአካሌ ደህና ነኝ አልኩህ። ሌላውን ግን አልደብቅህም፣ ፈርቻለሁ። አንተ ታውቀኛለህ፣ ጅብ ከበረት ያስወጣሁ ሰው ነኝ። አሁን ግን ስልክ ሲጮህ ትራስ እጭንበታለሁ። በር ሲንኳኳ ሰፊያ ስሟን ካልተናገረች አልነሳም። ሊፍት ውስጥ የማላውቀው ሐበሻ ሲገባ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። ይህ ከምን እንደመጣ በሥርዓት ልንገርህ፤ መነጽርህን አድርገህ ብቻህን አንብበው። አንተ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥረሃል፤ እኔ ከልጆች ጋር ዛፍ ሥር አልቀመጥም ብዬ የቀረሁ ነኝ። ያን ኩራቴን ይኸው ዛሬ በሰው እጅ እየከፈልኩት ነው።

ነገሩ የተጀመረው በቴሌቪዥን ነው። ሰፊያ ልጆቹን ጠዋት ትምህርት ቤት ካደረሰች በኋላ እስከ መመለሻቸው ሰዓት ሥራ የላትም። ቀን ቀን መጥታ እኔ ጋ ትቀመጥና የምትወደውን የፖሊስ ፊልም ትከፍታለች። ዌልስ የሚባል አገር ፊልም ነው፤ ከእንግሊዝ ጎን ያለች ትንሽ አገር ናት። ቋንቋቸው እንግሊዝኛ አይደለም። ከጉሮሮ የሚወጣ፣ እየጠበቀ የሚሄድ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ከሥር ይሮጣል። ሰፊያ እሱን እያነበበች ወደ እኛ ቋንቋ ትመልስልኛለች። ነገሩን የወደድኩት አንደኛ ለዚህ ነው። እዚህ አገር ሰው ሁሉ ከእኔ በላይ ያውቃል፣ ሕፃኑ እንኳ ያርመኛል። በዚህ ፊልም ፊት ግን ካናዳ የተወለደውም ሳያነብ አይገባውም። እኔ ሳላነብ ይገባኝ ጀመር።

ለምን አይገባኝ! አገሩ ራሱ ያገራችን ደጋ ነው። ጭጋግ፣ በድንጋይ ካብ የታጠረ ማሳ፣ ጭቃ ላይ የቆመ በግ፣ ሰው የማይገባበት ያረጀ ቤተ ክርስቲያን። ዝናቡ አያባራም። ገበሬዎቹ ሁለት ቃል ተናግረው ሦስተኛውን ይውጡታል። የአሜሪካኖቹ ፊልም ላይ በአንድ ሰዓት ሃያ ሰው ይረግፋል፣ የማንንም ስም አትይዝም። እዚህ ግን አንድ ሰው ሞቶ ስምንት ክፍል ሙሉ ስሙ ይነሳል። የሞተ ሰው እንዲህ ሲከበር እዚህ አገር ሌላ ቦታ አላየሁም። ጸዮን አንድ ቅዳሜ ከእኛ ጋር ተቀምጣ፣ አባዬ ይሄ ሁሉ ሬሳ ዲፕረስ ያደርግዎታል፣ ቻናሉን ልቀይርልዎት አለችኝ። ተይው፣ ልጄ፣ ዘመዶቼ ናቸው አልኳት።

ፖሊሷ ሴት ናት። አትጮህም፣ አትማታም። መኪናዋን ረጅም መንገድ ትነዳና አንድ ደጃፍ ላይ ቆማ ዝም ትላለች። ዝምታው ሰውየውን እስኪያስለፈልፈው ትጠብቃለች። ሻይ ይቀዱላታል። ብዙ ካየሁ በኋላ አንድ ነገር ገባኝ፤ ገዳዩ ሁልጊዜ ሻይ የቀዳላት ሰው ነው። ስለዚህ ሻይ ሲቀዳ እሱ ነው እላለሁ፤ ሰፊያ ደግሞ፣ አባባ፣ እርስዎ ከፖሊሷ ቀድመው ነው የሚያስሩት ብላ ትስቅብኛለች።

ሌላም ነገር ነግራኛለች። ከነዚህ ፊልሞች አንዳንዶቹን ተዋናዮቹ ሁለት ጊዜ ነው አሉ የሚሠሯቸው። ያንኑ ነገር አንዴ በእናታቸው ቋንቋ፣ አንዴ በእንግሊዝኛ ለውጭ ሰው። እኔም፣ ይህማ የእኛ አውጫጭኝ ነው አልኳት። ምንድነው እሱ አለችኝ። ነገርኳት፤ ሰው ሲገደል አገር በሙሉ ሜዳ ላይ ይወጣል፣ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ማንም ቤቱ አይገባም። ሽማግሌዎቹ እያንዳንዱን ለብቻው ይጠሩታል። የሚጠቁመው ሰው አየሁ አይልም፤ ወፍ ነገረችኝ ይላል፣ ስሙም አይወጣም። ለሽማግሌ አንድ ቃል፣ ለቤት ሌላ ቃል። ይህን ስነግራት እየሳቅሁ ነበር። ያኔ ገና አንተ አልደወልክም።

ከዚያ በጥቅምት መጨረሻ ደወልክ። የጨው ነጋዴው የኢድሪስ ልጅ ኢብራሂም ከሐይቅ መጣ አልከኝ። አባቴ ነፍሰ ገዳይ ተብሎ ስሙ እንደጠፋ ሞተ፣ ስሙን ሳላጠራ አልመለስም ይላል አልከኝ። እስላሙም ክርስቲያኑም ሽማግሌ ለጥር ሚካኤል ሊቀመጥ ነው፣ ለጓንጉል ገዳይ በወጣው አውጫጭኝ ላይ ከነበሩት በሕይወት ያለነው አራት ነን፣ ያንተንም ቃል በስልክ ሊጠይቁ ነው አልከኝ። ቀጥለህ ደግሞ፣ ጋሼ፣ አላስታውስም በላቸው፣ አርጅቻለሁ በላቸው አልከኝ። ስልክህ ስፒከር ላይ ነበር፤ የኔነሽ ስታስል ይሰማኝ ነበር። እሺ አልኩህና ዘጋሁ።

በማግሥቱ ቀን ሰፊያ መጣች፣ ፊልሙን ከፈተች። ታሪኩ እንዲህ ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት የጠፋ ሰው አጥንት ረግረግ ውስጥ ተገኘ። ፖሊሷ ከአንድ ሽማግሌ ገበሬ ቤት ገባች። ወንድማማቾች ናቸው፣ ሚስት የላቸውም፣ በአንድ ቤት አርጅተዋል። ታላቅየው ሻይ ቀዳላት። እሷም ዝም ብላ ቆይታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። ሰፊያ ከሥር አነበበችልኝ፤ ወንድምህ ያን ቀን ምን ለብሶ ገባ? አለችው። ሽማግሌው ሻዩን ከሲኒው አልፎ ጠረጴዛው ላይ ቀዳው። እኔም ሪሞቱን ከእጄ ጣልኩት። ሰፊያ፣ አባባ፣ አመመዎት? አለችኝ። አዎ ዝጊው አልኳት።

ዘመድኩን፣ አንተ ያን እሑድ ከሰዓት ከወንዙ መጥተህ ስትገባ ኩታህ ከደረትህ በታች ውሃ ነበር። ዱላህ አልነበረም። አስራ ዘጠኝ ዓመትህ ነበር። በዚያው ሳምንት ጓንጉል በግጦሹ ድንበር ላይ በሰው ፊት ሰድቦህ ነበር። እናታችን ምንም ሳትጠይቅ ደረቅ ልብስ ሰጠችህ፤ እኔም ከምድጃው አጠገብ ተቀምጬ ምንም ሳልጠይቅ አየሁህ። ማክሰኞ ጓንጉል ከገደሉ ሥር ወንዙ ዳር ጭንቅላቱ ተሰብሮ ተገኘ። ረቡዕ አውጫጭኝ ወጣን።

ሦስት ቀን ሜዳ ላይ ዋልን። ከብቱ በረት ውስጥ ይጮኻል፣ አራስ ሴት ሳትቀር ወጥታለች፣ ጭቃ ሹሙ ይዝታል። ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዘወር እያለ ሲያይ አየሁ፤ የድንበሩን ጠብ ሁሉም ያውቃል። አንዱ ወፍ ያንተን ስም ሊያወጣ አንድ ሰዓት ነው የቀረው ብዬ ቆጠርኩ። እኔ ቀደምኩ። ሽማግሌዎቹ ሲጠሩኝ ጨው ነጋዴው ኢድሪስ ጓንጉልን በወንዙ መንገድ ሲከተለው ታየ፣ ወፍ ነገረችኝ አልኩ። ኢድሪስን የመረጥኩት የሚከራከርለት ወገን መንደሩ ውስጥ ስለሌለው ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ወፏ እኔ ነበርኩ።

እዚህ ጋ ሰፊያ ብዕሯን አቁማ አየችኝ። ጻፊ አልኳት። የዚያ ሰው ቤተሰብ ዘመዶቼ ቢሆኑስ አባባ አለችኝ። ዘመዶችሽ ናቸው ወይ አልኳት። አይደሉም አለችና ጻፈች።

ኢድሪስን ስምንት ወር አስረው በማስረጃ ማነስ ለቀቁት። አገሩ ግን አልለቀቀውም። ጨው የሚገዛው ጠፋ፣ ውሃ የሚያቀብለው ጠፋ። ሚስቱንና ሕፃኑን ልጅ በአህያ ጭኖ ሲወጣ እኔ ማሳዬ ላይ ቆሜ አይቼዋለሁ። ሰላም አለኝ፤ ያኔ ነው መሞት የነበረብኝ። ያ ሕፃን እንግዲህ ይህ ኢብራሂም ነው።

ፊልሙን ለሁለት ሳምንት አልከፈትንም። ከዚያ ግን ሳላየው መቀመጥ አልቻልኩም። ባየሁት ቁጥር እፈራለሁ፤ ሳላየው ደግሞ ብሶ እፈራለሁ። ሰፊያን የመጨረሻውን ክፍል አምጪው አልኳት። ልንገርህ መጨረሻውን። ታናሽየው አልገደለም። ያን ቀን ረግረግ ውስጥ የሰመጠች በግ ሲያወጣ ነው የረጠበው። ታላቁ ግን ሳይጠይቀው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ገዳይ ነው ብሎ አብሮት በላ፣ አብሮት ጸለየ፣ ሲተኛም በሩን ቆለፈበት። ሰፊያ በደስታ አጨበጨበች፣ እንኳን አልሆነ አለች። እኔ ግን እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ምክንያቱም ይህን ሃምሳ ሦስት ዓመት አስቤው አላውቅም። ገድለሃል ብዬ ነው የኖርኩት። ወንድሜን አተረፍኩ ብዬ በልቤ ስኮራም ኖሬአለሁ። አንተ ያን ቀን ጥጃ ከወንዝ አውጥተህ ቢሆንስ? ዋኝተህ ቢሆንስ? ዱላህ ውሃ ወስዶት ቢሆንስ? ያኔ ኢድሪስን በከንቱ ሸጥኩት፤ አንተንም ሃምሳ ሦስት ዓመት በሐሰት ጠረጠርኩህ፤ የጓንጉል ገዳይም በእኔ ወፍ ተሸፍኖ በሰላም ሞቷል ወይም ከአራታችን አንዱ ሆኖ ጥር ላይ ሽማግሌ ፊት ይቀመጣል። ገድለህ ከሆነ ደግሞ፣ ያን ስልክ ለምን እንደደወልክልኝ አውቄዋለሁ። የትኛው እንደሚያስፈራኝ ብትጠይቀኝ፣ ሁለቱም ናቸው።

ስለዚህ እናታችን ያልጠየቀችህን እኔ እጠይቅሃለሁ። ያን እሑድ የት ነበርክ? ለምን ረጠብክ?

አላስታውስም አልልም፣ ይህን ቁርጡን እወቀው። ለጥር ሚካኤል ሲደውሉ ኢድሪስን አላየሁም፣ ዋሽቻለሁ እላለሁ። ለምን ዋሸህ ይሉኛል። ያኔ ወንድሜ ረጥቦ ሲገባ አይቼ ነው ከማለት ሌላ የምለው የለኝም፤ በሰማንያ ዓመቴ ሌላ ውሸት አልጨምርም። አንተ ቀድመህ ሽማግሌ ፊት ከቆምክ ግን ቃሉ ያንተ ይሆናል፣ እኔ የራሴን ብቻ እናገራለሁ። በስልክ አትንገረኝ። ይህን ወረቀት የምታመጣልህ የሰፊያ አክስት ልጅ ናት፣ ለገና ወደዚህ ስትመለስ መልስህን በእጇ ላክልኝ። ገድለህም ከሆነ ወንድሜ ነህ። አልገደልክም ከሆነ፣ መጥቼ እግርህ ላይ እወድቃለሁ፤ አውሮፕላን እፈራለሁ፣ ግን እመጣለሁ።

ለየኔነሽ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ዓይኗን ለሐኪም ሳታሳይ እንዳትቆይ። ለልጅህ ለያፌትና ለሚስቱ፣ ለትንሿ ፌንጣ ለልጅ ልጅህ፣ ለእህታችን ለአበራሽም እጅ ነሥቻለሁ በልልኝ። ጸዮንም አጎቴን ሳሙልኝ ብላለች፤ እንደምጽፍልህ አላወቀችም እንጂ ሁልጊዜ ትላለች። ሰላምታውን ከአፍህ ይስሙት፣ ወረቀቱን አታሳያቸው።

ታላቅ ወንድምህ ገብረክርስቶስ
ቶሮንቶ፣ ክሬሰንት ታውን
ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

በይ ሰፊያ፣ አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ወፏ እኔ ነበርኩ ያልኩበት ላይ ስትደርሺ ድምፅሽን አትቀንሺው።