አሥራ አንደኛው አልጋ

ውድ ሻምበሌ፣

ከተለያየን ሁለት ክረምት አለፈ፤ ሦስተኛው ደግሞ ደጅ ላይ ነው። እስካሁን አንድም መስመር ጽፌልህ አላውቅም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሦስተኛ ክፍል ልጆችን ደብዳቤ ያጻፈች ሴት ለገዛ ባሏ መጻፍ አቃታት ብትል እውነትህን ነው። የምነግርህ አጥቼ ግን አይደለም። ለቅሶዬን ልጽፍልህ አልፈለግኩም፤ የሚያኮራ ነገር እስካገኝ ጠበቅኩ። አሁን አግኝቻለሁ፤ ስለዚህ አርፈህ ስማኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ላውራህ። የግቢውን በር ቀለም አስቀባሁት፤ አንተ የምትጠላው ቡናማ ነው። ከጀርባችን ያሉት ጎረቤቶች የጀመሩት ፎቅ ሦስተኛው ወለል ላይ ደርሶ የጠዋት ፀሐያችንን ወሰደብን፤ ልብስ የማሰጣው አሁን ከሰዓት በኋላ ነው። ሚኒባሷን ሸጥናት። የገዛት ልጅ እዚሁ ቀራንዮ መስመር ላይ ይሠራባታል፤ ስሳፈር ከሾፌሩ ጎን ያለውን ወንበር ያስለቅቅልኛል፤ ያንተ ሚስት መሆኔን ተሳፋሪው ሁሉ እንዲያውቅለት ይፈልጋል። ልጃችን ትዕግሥት አግብታ ሳንሱሲ ሰፈር ገብታለች፤ እሁድ እሁድ ትመጣለች። ጥቁር ኮትህ ግን ቁም ሳጥኑ ውስጥ እንደተሰቀለ ነው።

ኮቱን ያነሳሁት በምክንያት ነው። በዓመት አንዴ ለኮርስ ጓደኞችህ ስብሰባ የምትለብሰው እሱን ነበር። በኮርስህ ምን ያህል እቀና እንደነበር ታውቃለህ። የመገናኛ ኮርስ፣ አሥራ ሁለት ዕጩ መኮንን፣ አንድ መኝታ ክፍል፣ አንድ ረድፍ አልጋ፤ አንተ አሥራ አንደኛው። ሠራዊቱ ሲበተን አንዱ ነጋዴ፣ አንዱ አስተማሪ፣ አንተ ሾፌር ሆናችሁ፤ አልጋችሁን ግን አልለቀቃችሁም። ፀጉራችሁ ሸብቶ እንኳ አራት ደህና ነው፣ ሰባት አሞት ነበር ትባባላላችሁ። ትዕግሥት ሕፃን ሆና የሰዎቹ የክርስትና ስም ቁጥር ይመስላት ነበር።

ባለፈው ጥር ሻለቃ አሰፋ ሁለት ሰው አስከትለው ቤት መጡ። አንደኛው አልጋ ናቸውና ዛሬም አለቃ እሳቸው ናቸው። ያመጡት ዜና ትልቅ ነበር። የሠለጠናችሁበት አካዳሚ ያቺን መኝታ ክፍላችሁን ለአሁኖቹ ተማሪዎች ማንበቢያ ክፍል ሊያደርጋት ነው። እናንተ ደግሞ እያንዳንዳችሁ አልጋችሁ የነበረበት ቦታ ላይ የአልጋው ቁጥር የተጻፈበት መደርደሪያ ልታሠሩ ተስማምታችኋል፤ ለሞተው ቤተሰቡ ያሠራለታል። የዘንድሮው ስብሰባ መዋጮውን ማስጀመሪያ ነው። ሻያቸውን ጠጥተው ሳይጨርሱ አሥራ አንድ የኔ ነው አልኳቸው።

ከዚያ የስም ዝርዝሩን አወጡ። አሥራ ሁለተኛው ላይ፣ ከመቶ አለቃ ዘለቀ ስም ጎን፣ አድራሻው ያልታወቀ የሚል ተጽፏል። ስንት ዓመት ሙሉ ብቅ ስላላሉ ሻለቃ ሊሰርዟቸው እስክሪብቶ አንስተው ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ የስም ጥሪያችሁን ሥርዓት ባላውቅ ኖሮ ዝም እል ነበር። በየዓመቱ ከምግቡ በፊት ስማችሁ በአልጋ ተራ ይጠራል። በሕይወት ያለ አቤት ይላል። ለሞተው ከጎኑ የተኛው ሰው ተነስቶ አለ ይልለታል። ከአንተ ወዲህ የነበረው አሥረኛው አልጋ ካንተ አስቀድሞ ሄዷል። የቀረህ ጎረቤት አሥራ ሁለት ብቻ ነው። እሱ ከተሰረዘ እንደ አምናው ሁልጊዜም ስምህ ተጠርቶ ዝም ሊባል ነው። ሌላ ሰው ይመልስለት ብዬ ለመንኩ። ሻለቃ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከጎኑ ያልተኛ ሰው የሌሊት ሳሉን እንኳ ሳያውቅ እንዴት ስለ እሱ ይመሰክራል አሉኝ። እስክሪብቶውን ከእጃቸው ወስጄ ትንሽ ቀን ስጡኝ አልኳቸው።

ደብተርህን ገለበጥኩ። የሁሉም ስልክ አለ፤ የአሥራ ሁለት የለም። መሳቢያ ውስጥ የተኛችውን ባለ ቁልፍ ስልክህን ቻርጅ አድርጌ ከፈትኳት። ከስሞቹ መካከል በስም ፋንታ 12 ተብሎ የተመዘገበ ቁጥር አገኘሁ። የደወልክባቸውን ቀናት ባይ ሁሉም ቅዳሜ ጠዋት ነው።

እዚህ ላይ ይቅርታ ልጠይቅህ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ስልክህን ይዘህ ወደ ግቢው ጥግ ስትሄድ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ስታወራና ስትስቅ፣ እኔ በመስኮት እያየሁ ሌላ ነገር ጠርጥሬ ነበር። ጠይቄህ አላውቅም፤ ግን አንዳንድ ቅዳሜ ቁርስህ ላይ ጨው የበዛው በስህተት አልነበረም።

ደወልኩ። ከአሥራ አንደኛው አልጋ ነው አልኩ። ያነሱት መቶ አለቃ ዘለቀ ናቸው። ቀስ እያሉ ሁሉንም ነገሩኝ። ዘነበወርቅ አካባቢ አንድ ሕንፃ ላይ የሌሊት ጥበቃ ናቸው። ቀብርህ ላይ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆመው ማንንም ሳያናግሩ ተመልሰዋል። ጓደኞቻቸው ፊት የማይቀርቡት ስላፈሩ ነው፤ "የነሱ ዓይነት ሰው መኪናውን ሲያስገባ በር የምከፍት ሰው ነኝ እኮ፣ ወይዘሮ ብርሃኔ" አሉኝ። አንተ ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር። ለኮርሱም፣ ለኔም ሳትናገር የሰውየውን ምስጢር ይዘህለት ሞትክ። ለአንድ ቀን ተቀየምኩህ፤ ከዚያ በኋላ ግን ኮራሁብህ፤ አሁንም እንደኮራሁብህ ነኝ።

ስለ መደርደሪያው ስነግራቸው መጻሕፍቱንስ ማን ያመጣል ብለው ጠየቁኝ።  የኮርሳችሁ ኮሚቴ በመደርደሪያው ስፋት ላይ ሁለት ጊዜ ተሰብስቦ ተከራክሯል፤ ምን እንደሚቀመጥበት ያነሳ ሰው ግን የለም። ይመጡ እንደሆነ ስጠይቃቸው እሞክራለሁ ብቻ አሉ። የእሞክራለሁን ትርጉም ደግሞ አውቀዋለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ከወላጆች ሰምቼዋለሁ።

ቀኑ ተቆረጠ፤ ቦታው የእድራችን አዳራሽ፣ ሰዓቱ ኋላ እንደሰማሁት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ቤተሰብ ደግሞ አራት ሰዓት። መልእክቱ እንደ ልማዳችሁ ከአልጋ ወደ አልጋ በስልክ ተላለፈ፤ አንድ ለሁለት፣ ሁለት ለሦስት፣ ሟች ሲያጋጥም እየተዘለለ። ያንተን ቦታ እኔ ያዝኩ። ዘጠነኛው አልጋ ደውለው ከጠዋቱ ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ አሉኝ። ማልዶ ነው ብዬ ገረመኝ፤ ግን ከወታደር ጋር ክርክር የለም። ለመቶ አለቃ ዘለቀ ስደውል እኔም አሥራ አምስት ደቂቃ ቀነስኩና አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል አልኳቸው። አንተው ነህ ያስተማርከኝ። መኮንን ከቀጠሮው ሩብ ሰዓት ቀድሞ ይደርሳል ትል ነበር። ሠርጋችን ቀን ቀድመህ ደርሰህ ፀጉሬ ግማሹ ሳይሠራ፣ እናቴ ሻሿን ሳታስር ደጅ ላይ ያፏጨኸውን ፉጨት መቼም አልረሳውም።

እኔ ያላወቅኩት ሌሎቹም ሁሉ እንደኔ መቀነሳቸውን ነው። ሻለቃ ለሁለተኛው ሲደውሉ ሩብ ሰዓት ቀነሱ፤ ሁለተኛው ለሦስተኛው ቀነሱ፤ እንዲህ እየተሸረፈ ሦስት ሰዓት የተባለው እኔ ጋ ሲደርስ ፀሐይ መውጫ ላይ ደረሰ። የመገናኛ መኮንኖች ናችሁ እኮ! መልእክት ሳይዛባ ማድረስ ነው የተማራችሁት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ለእናንተ ነው።

የአዳራሹ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነውና በተባለው ሰዓት ስደርስ በሩ ላይ አንድ ሰው ቆሟል። ሰማያዊ የጥበቃ ዩኒፎርም ለብሷል፤ እግሩ ሥር ሁለት ጆንያ አለ። መቶ አለቃ ዘለቀ ናቸው። ከተረኝነት የወጡት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ቤት ሄደው ልብስ ሊቀይሩ አስበው ነበር፤ እኔ በቀነስኩት ሩብ ሰዓት ምክንያት አልደረሰላቸውም። ያፈሩበትን ልብስ ለብሰው መጡ። ጆንያዎቹን ላስረክብና ልሂድ አሉ። ውስጡ መጽሐፍ ነው። ከሕንፃው የሚለቁ ተከራዮች የሚጥሉትን እየለቀሙ፣ ሌሊት በር ላይ ሆነው እያነበቡ፣ ስንት ዓመት ያጠራቀሙት።

እንዲሄዱ ብተዋቸው ኖሮ ሁሉም ነገር እዚያ ያበቃ ነበር። አስተማሪነቴ ጠቀመኝ። ቁልፉን እጃቸው ላይ አስቀምጬ፣ ወገቤን ያመኛል፣ ወንበር ይደርድሩልኝ አልኳቸው። የታዘዘን ነገር ጥሎ መሄድ ከእናንተ ማናችሁም አልተማራችሁም። ወንበሮቹን በክር የተለኩ አስመስለው ሲደረድሩ ዘጠነኛው አልጋ ገቡ። አንድ ሰዓት ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ትንሽ ተያዩና ተቃቀፉ። ሩብ ሰዓት ቆይቶ ስምንተኛው፣ ከዚያ ሰባተኛው፤ ሁሉም በተነገራቸው ሰዓት፣ በአልጋቸው ተራ፣ ከኋላ ወደ ፊት አንድ በአንድ መጡ። ቆሜ እያየሁ ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ሰው የሞላበት አዳራሽ ቢሆን መቶ አለቃ ዘለቀ እግራቸውን አያስገቡም ነበር። አሁን ግን የመጣውን ሁሉ በሩ ላይ ቆመው የተቀበሉት እሳቸው ናቸው፤ እያንዳንዱን ሰው ለብቻው ሩብ ሩብ ሰዓት አገኙት። ስድስተኛው አልጋ ሲደርሱ ይስቁ ነበር። ሦስተኛው ሲደርሱ የሳቁት እንባቸው እስኪፈስ ነው።

ሻለቃ አሰፋ ሦስት ሰዓት ሲሆን ከረባታቸውን አስረው፣ ሜዳልያቸውን ደርድረው ገቡ። ሁሉም ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል። የእጅ ሰዓታቸውን አዩ፤ ወደ ጆሯቸው አስጠጉት። ከዚያ መቶ አለቃ ዘለቀን አዩ። ዘለቀ ኮፍያቸውን ከኋላቸው ደበቁ። እኔ መሐረቤን ጨመደድኩ። ሻለቃ የስም ዝርዝሩን ከኪሳቸው አወጡና ለመቶ አለቃ ዘለቀ ሰጧቸው። ስም የሚጠራው ተረኛው ነው፣ ተረኛ ደግሞ ዩኒፎርም የለበሰ ነው አሉ። እውነታቸውን ነው። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ዩኒፎርም የለበሱት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ኮፍያቸውን አጥልቀው ጠሩ። በዚያ ዕድሜ ያ ድምፅ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ጥሪው አቤት፣ አቤት እየተባለለት ወረደ። አሥርን ሲጠሩ ዘጠነኛው አልጋ ተራውን ለኔ ለቀቁ፤ በሌላው ጎኑ የተኛኸው አንተ ነበርክና ያንተን ቦታ ይዤ ተነሳሁና አለ አልኩ። ከዚያ ሻምበል ግርማ ወልዴ ብለው ስምህን ጠሩ።  ዝርዝሩን ዝቅ አድርገው፣ ተረከዛቸውን ገጥመው፣ ራሳቸው ለጠሩት ራሳቸው መለሱ። አለ አሉ።

አለቀስኩ፤ ልደብቅህ አልችልም። ግን ሳለቅስ አንገቴ ቀና ብሎ ነበር።

ስለ መዋጮው ብዙ አልልህም፤ ሞልቷል። ሻለቃ አሥራ ሁለተኛው መደርደሪያ በመጽሐፍ ተከፍሏል ብለው አወጁ፤ ሌሎቹም አፍረው እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ሊሞሉ ቃል ገቡ። ያንተ ላይ የመንገድ ካርታዎችህንና ትዕግሥት በልጅነቷ ያነበበችልህን መጻሕፍት አስቀምጣለሁ። ከዘለቀ መደርደሪያ ጋር ጎን ለጎን ናችሁ፤ እንደ ድሮው።

ጥቁር ኮትህን ለመቶ አለቃ ዘለቀ ልሰጣቸው አስቤ ነበር። የሚመጣው ዓመትም በዩኒፎርሜ ነው የምመጣው አሉኝ። ስለዚህ ኮቱ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ይቆያል፤ በየዓመቱ የስብሰባው ዋዜማ አውጥቼ እተኩሰዋለሁ። ስምህ በተጠራ ቁጥር የሚመልስልህ እንዳይጠፋ እጠብቃለሁ፤ እኔ ስደክም ትዕግሥት አሥራ አንድን ትይዛለች፤ አሁኑኑ ነግሬያታለሁ።

አንተ እንደ ልማድህ ቀድመህ ሄደሃል። ቀጠሮው ሳይደርስ ደርሰህ ደጅ ላይ እያፏጨህ እንደምትጠብቀኝ አውቃለሁ። እኔ ግን ለዛሬ አልቸኩልም። ቅዳሜ ጠዋት የምደውልላቸው ሰው አሉኝ።

ያንተው ቲቸር