ሳታማክር «ልጄ ነው» እንዳትል

ነቀምቴ፣ ኅዳር 1959 ዓ.ም.

ውድ ጆቴ፣

አካም ጅርታ? እኔ ደህና አይደለሁም፤ ደህና ነኝ ብዬም አልዋሽህም። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የጭነት መኪና ሾፌር ጊምቢ የሚቆየው ቡና እስኪጭን ብቻ ነው። አንብበህ ከእሱ ጋር ተሳፍረህ ና። ታፋ ያቀረበው ክስ ማክሰኞ ይሰማል።

ጠበቃ ዘንድ ሄጃለሁ። አዎ፣ አቶ ሽብሩ ዘንድ! «ጠበቃ የምይዘው እኔ ሌባ ነኝ ወይ?» ስትል ሰምቼሃለሁ፤ አገር ምድሩም ሰምቶሃል። ግን ታፋ ክንዱን ሞተሩን ከወፍጯችን በሚያያይዘው ቺንጋ ካስበላ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አንተ እዚያ ቡና ትመዝናለህ፣ እኔ እዚህ መጥሪያ እቀበላለሁ። ምን ላድርግ ታዲያ!

ለጠበቃው ሁሉንም ነገርኩት። ታፋ እናቱ ስትሞት ከኑኑ ቁምባ እንደመጣልን፣ ከማዕዳችን እየበላ እንዳደገ፣ ጢም ካበቀለ በኋላም ሞተሩን እያስነሳ፣ የሰው እህል እየፈጨ፣ እዚያው ወፍጮ ቤት ጆንያ ላይ ሲተኛ እንደኖረ። ደመወዝ ሲያነሳብህ «ልጅ ከአባቱ ደመወዝ ይጠይቃል እንዴ?» እያልክ ትስቅ ነበር። ቺንጋው መከለያ ይደረግለት ሲልህ «የኔ ልጅ ፈሪ ሆነ» ማለትህንም አልደበቅሁም። ክንዱ ከተቆረጠ በኋላ ግን በሽማግሌ ይቅር አስብለህ፣ አንድ ጊደር አስይዘህ ወደ ኑኑ ሰደድከው። ነገሩ አለቀ ብለህም ጊምቢ ወረድክ።

«አላለቀም» አለኝ አቶ ሽብሩ። «አሁን አሠሪና ሠራተኛን የሚመለከት ሕግ አለ። ሠራተኛ ሥራ ላይ ሲጎዳ አሠሪው ይጠየቃል። ባለቤትዎ አስቀድመው አማክረውኝ ቢሆን ኖሮ መከለያው ይሠራ ነበር፣ የሰውየውም ክንድ አይጎድልም ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ነበር።»

አንገቴን ደፋሁ። «ባለቤቴ ‹እሱ እኮ ሠራተኛዬ አይደለም፣ የጉዲፈቻ ልጄ ነው› ሊል ነው» አልኩት። ወንድምህ ነገራ የመከረህን ማለቴ ነው። ጠበቃው መነጽሩን አወለቀ።

«ልጅ አላችሁ?»

«የለንም።»

«እንግዲያው ባለቤትዎ ችሎት ፊት ልጄ ነው ብለው ካመኑ፣ ወፍጮውንም ቤቱንም የሚወርሰው ታፋ ነው። ቃል አንዴ መዝገብ ላይ ከሰፈረ መመለሻ የለውም። አፋቸውን ሳይከፍቱ በፊት ይምጡልኝ።»

ወይ ነገራ! ወፍጮውን ለልጆቹ ሲመኝ የኖረ ሰው፣ ይህን ቢያውቅ ያን ምክር ይሰጥህ ነበር? ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ አለቀስኩ።

ትናንት ታፋን ገበያ አገኘሁት። ባዶ እጅጌውን ቋጥሮታል። «ሃርሜ» አለኝ፣ እንደ ድሮው እናቱ አድርጎኝ። «አባ ልጄ ነህ ካለኝ ክሱን እተወዋለሁ። ሠራተኛዬ ነህ ካለኝም ሕግ የሚለውን ይስጠኝ። ሁለቱንም ከካደኝ ግን እኔ ምኑ ነኝ?»  

ስለዚህ ሰኞ ሳይመሽ ግባ። አቶ ሽብሩ «ሠራተኛዬ ነው ይበሉና ካሳውን ይክፈሉ» ይልሃል። ትክክለኛ ምክር ነው፤ ወፍጮህን ያተርፍልሃል። ሚስትህ ነኝና ይህን ሳልነግርህ አላልፍም።

ግን ጆቴ፣ አንድ ነገር እወቅ። እኔም ምስክር ሆኜ ተጠርቻለሁ። እልህ ይዞህ ማንንም ሳታማክር ማክሰኞ ቆመህ «ልጄ ነው» ካልክ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዤ «አዎ፣ ልጃችን ነው» እላለሁ። አላስተባብልህም። ከተጋባን ጀምሮ ከአፍህ ያለ ቀልድ ልሰማው ስናፍቅ የኖርኩት ቃል ነው።

ሚስትህ ድርቤ