ባልቴቲቱ የሳቀችበት ገጽ

ደብረ ኤልያስ፤ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ቆላ ወርደህ የያዘህ ወባ ለቀቀህ ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በአካሌ ደኅና ነኝ። የጤፉ አጨዳ ደርሶ ወገቤን ቢቆርጠኝም ዓይኔ አሁንም ያነባል።

በነጋዴው በሱሩር እጅ የላክህልኝ አዲሱ መጽሐፍህ ደርሶኛል። በቤታችን እንዳንቺ መጽሐፍ የሚወድ የለምና አስተያየትሽን ጻፊልኝ ብለሃል። እሺ፣ እጽፍልሃለሁ።

ጣልያን ከገባ ወዲህ ከደብረ ማርቆስ የሚመጣውን ጽሑፍ ሁሉ አንብቤአለሁ፤ ጨው የተጠቀለለበትን ወረቀት እንኳ ሳይቀር። ሁሉም አንድ ሰው የጻፋቸው ይመስላሉ። ገበሬው ሁልጊዜ ደስተኛ ነው፣ መንገዱ ሁልጊዜ ሰፊ ነው፣ ታሪኩ ገና ሳይጀመር ደራሲው ለሹም እጅ ይነሳል። ምዕራፉ ሲያልቅ ደግሞ አንባቢው እንደ ሕፃን ይመከራል። እንዲህ ያለ ደራሲ ስለሚንቀኝ እኔም እንቀዋለሁ። አንተ ደግሞ ግጥምህ ቤት ይምታልህ እንጂ ትርጉሙ የትም ቢወድቅ ግድ የለህም። ከልጅነትህ ጀምሮ እንዲሁ ነህ።

እኔ የምወዳቸው ደራሲ አንድ ናቸው፤ ለአንተም ለእኔም ፊደል ያስቆጠሩን መምህር ፍቅረ ሥላሴ። ጣልያን ሳይገባ ያሳተሟትን ትንሽ መጽሐፍ እስክትበጣጠስ አንብቤአታለሁ። በሬ ሲሞት በሬው ሞተ ብለው ይጽፋሉ፤ ሐዘኑን ለእኔ ይተዉልኛል። ሌላው ጸሐፊ ሁሉ ግን እኔ ሳላለቅስ ቀድሞኝ ያለቅሳል።

ያንተን መጽሐፍ እስከ ዐሥራ አንደኛው ገጽ ድረስ እያዛጋሁ አነበብሁት። ዐሥራ ሁለተኛው ላይ አንዲት ባልቴት መሬቷን ተቀምታ ደምበጫ ከዳኛ ፊት ቆመች። ያን ጊዜ ተነሥቼ በሩን ዘጋሁት።

ባልቴቲቱን አውቃታለሁ። የመምህሩ ዓይን ሲደክም፣ እሳቸው እየነገሩኝ የጻፍኋት እኔ ነበርሁ፤ ክረምቱን ሙሉ፣ ሁለት ደብተር ሙሉ። ዳኛው ሲፈርድባት «አለቀሰች» አሉኝ፤ እኔ «ሳቀች» ብዬ ጻፍሁ። መልሼ ሳነብላቸው «ተዪው፣ ያንቺ ይሻላል» አሉኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

በመጽሐፍህ ዐሥራ ዘጠነኛ ገጽ ላይ ባልቴቲቱ ትስቃለች። የለወጥኸው መጨረሻውን ብቻ ነው። በመምህሩ ታሪክ ፍርዱን አልቀበልም ብላ መሬቷን ልታርስ ትመለሳለች። ባንተ ግን ከጣልያኑ ሹም እግር ሥር ወድቃ ታመሰግናለች። ስምህን ሽፋኑ ላይ ከመጻፍህ ይልቅ ያቺን ሴት ማንበርከክህን ጠላሁት።

ደብተሮቹ ቅጂ አልነበራቸውም። በመምህሩ ጎተራ ውስጥ፣ ከገብሱ ሥር እንደተቀበሩ የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነበርን፤ እሳቸው፣ ባለቤታቸው እሜቴ ወለተ ሰንበትና እኔ። ባለፈው ጥምቀት ልትጠይቀኝ መጣህ። መምህሩ አሁንም ይጽፋሉ ወይ አልኸኝ። እኔም ወንድሜ ነህና፣ ስለ መጽሐፍ የማወራው ሰው ናፍቆኝም ነበርና፣ ሁሉንም ነገርሁህ። ጎተራውንም።

በሦስተኛው ሳምንት ወታደሮች መጡ። እሜቴ ወለተ ሰንበት ያሉኝን እንዳለ ልጻፍልህ፤ «ቤቱን አልፈተሹትም፤ በቀጥታ ወደ ጎተራው ነው የሄዱ።» ደብተሮቹን አውጥተው ወሰዱ፤ መምህሩንም በመንግሥት ላይ ይጽፋል ብለው እጃቸውን የፊጥኝ አስረው ወደ ደብረ ማርቆስ ወሰዷቸው። በዐቢይ ጾም ሞተዋል ተባለ፤ ሬሳቸው ግን አልተሰጠንም። ከዚያ ወዲህ ማን ነገረባቸው እየተባለ ሲጠየቅ፣ እኔም ከሰው ጋር አብሬ እጠይቅ ነበር።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጽሐፍህን ይዤ እሜቴ ወለተ ሰንበት ዘንድ ሄድሁ። ከዐሥራ ሁለተኛው ገጽ ጀምሬ አነበብሁላቸው። የባላቸውን ቃል ወዲያው ለዩት። ሲያልቅ ሽፋኑ ላይ ያለው የማን ስም እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። የጎተራውን ነገር ለማን እንዳወራሁም ነገርኋቸው። አልሰደቡኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። መጽሐፉን ከእጄ ተቀብለው ለልጃቸው ለድረስ ሰጡት።

ድረስ ከአባቱ ሞት ወዲህ ቤት አያድርም። የት እንደሚያድር አትጠይቀኝ፤ ለአንተ ቦታ የነገርሁት አንድ ጊዜ ነው፣ እሱም ይበቃኛል። መጽሐፍህን አንብቦ ጨርሶታል። ስለ አጻጻፍህ ምንም አላለኝም። ወደዚህ መቼ እንደምትመጣ ብቻ ጠየቀኝ።

አላውቅም አልሁት። በመምህሩ ልጅ ፊት ዋሸሁ፤ በታኅሣሥ ለእናታችን ሙት ዓመት እመጣለሁ ብለህ ከመጽሐፉ ጋር ጽፈህልኛልና።

አትምጣ። ድግሱን ብቻዬን እችለዋለሁ። በሱሩርም እጅ ሌላ መጽሐፍ አትላክልኝ።

እግዚአብሔር ዕድሜህን ያርዝመው፤ ያደረግኸውን ሁሉ አንድ በአንድ አስበህ እስክትጨርስ ያቆይህ።

የእናትህ ልጅ